ሳይታሰብ ቤተሰብ ይዞ ወደ ሩቅ ደሴት መሄድ፦ ከስልኩ ጥሪ እስከ መመለሻው ጀልባ

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ማታ ነው። "ጀልባው ዓርብ ጠዋት ይነሣል። አምስት ቦታ ተገኝቷል። የሚቀጥለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ትመጣላችሁ?" ደዋይዋ የባለቤቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናት። ወደ ተወለደችባት ደሴት ተመልሳ ኑሮ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ በየጊዜው "ልጆቹን ይዛችሁ ኑ" ትለን ነበር፤ እኛም "እንመጣለን" እያልን እናሳድረው ነበር። በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ የአራት ዓመት ሴት ልጃችንን፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችንንና አማቴን ይዘን ተነሣን። ሁለት መቶ ሰው በማይሞላባት ደሴት ስድስት ቀን ልንቆይ ገብተን በአሥራ አንደኛው ቀን ወጣን።

ከመግባታችን በፊት አስተናጋጃችን ደጋግማ የጠየቀችን አንድ ነገር ነበር፦ "በትክክል ስንት ሰው ናችሁ?" መጀመሪያ የአልጋ ጉዳይ መስሎን ነበር። ለካ ውሃው፣ ዱቄቱ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የነርሷ መድኃኒት ሁሉ በሰው ቁጥር የተሰላ ነው። ከተማ ውስጥ እንግዳ ቢጨመር ገበያው ይሞላል፤ ደሴት ላይ ግን የሚጨመረው ከሌላው ድርሻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

1. "እሺ" ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ሰው ወዳጅ ነው ማለት በሩ ያለ ፈቃድ ይከፈታል ማለት አይደለም። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው ትሪስታን ዳ ኩኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በመርከብ የአንድ ሳምንት ያህል መንገድ ላይ ናት። እዚያ ለመግባት የደሴቲቱ ምክር ቤት አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። የአውስትራሊያዋ ሎርድ ሃው ደሴት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ ጎብኚ አትቀበልም። ስለዚህ "ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ማን ይሰጣል? በጽሑፍ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ትሪስታንን ለመሰለ ቦታ በሁለት ቀን ተዘጋጅቶ መነሣት አይቻልም፤ ይህን መጀመሪያ ማወቅ ከብዙ ድካም ያድናል።

ሁለተኛው፣ ማን ቤት እንደምታድሩ ነው። በኩክ ደሴቶች የምትገኘው ፓልመርስተን ነዋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም በ1863 እ.ኤ.አ. የሰፈረው የዊልያም ማርስተርስ ዘሮች ናቸው። እዚያ የመጣውን ጀልባ ቀድሞ ወጥቶ የተቀበለ ቤተሰብ እንግዶቹን የራሱ አድርጎ ያስተናግዳል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለበት ቦታ ከሆነ፣ በስም የሚጠብቃችሁ ቤት ካለ አስቀድሞ ይታወቅ፤ አለዚያ ሳታውቁ ሰው ታስቀይማላችሁ።

ሦስተኛው፣ የታመመ ሰው ማን ያክመዋል የሚለው ነው፤ ነርስ አለች? ሐኪም አለ? ከባድ ሕመም ቢመጣ በምን ይወጣል? አራተኛው፣ መመለሻው መቼና በምን ነው? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መልስ ካላገኙ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን ወይም የቅርብ ክትትል የሚፈልግ በሽተኛ ካለ፣ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ይህን ስል ሳላመነታ ነው።

2. የመመለሻውን ቀን ክፍት አድርጉት

ጀልባና ትንሽ አውሮፕላን የሚታዘዙት ለነፋስና ለጭጋግ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው የሴንት ሄለና ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶላት እንኳ፣ በማኮብኮቢያው ዳርቻ ባለው ተለዋዋጭ ነፋስ ምክንያት መደበኛ የመንገደኛ በረራ የተጀመረው በኦክቶበር 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል ወጪና መሐንዲስ የተሰማራበትን ነገር ነፋስ ካቆመው፣ የእናንተን ትንሽ ጀልባ ለማስቀረት ብዙም አይቸገርም።

እኛ የያዝነው ደንብ ይህ ነበር፦ ከደሴቷ የሚያወጣን ጀልባ ከሚደርስበት ቀን በኋላ ለሦስት ቀን ምንም ዓይነት ቀጣይ በረራ አንይዝም። ሦስቱም አልበቃን። ዛሬ ብሄድ ቀኑ የሚቀየር ቲኬት ገዝቼ ሰባት ቀን እተዋለሁ። ለመሥሪያ ቤትና ለልጆች ትምህርት ቤትም "እስከዚህ ቀን እንመለሳለን፤ የአየር ሁኔታ ከከለከለን እስከ አንድ ሳምንት ሊጨመር ይችላል" ብላችሁ በጽሑፍ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ከደሴት ሆኖ በሚቆራረጥ መስመር ይህን ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

ወረቀትን በተመለከተ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ ሩቅ ደሴቶች የሚደረስባቸው በሌላ አገር በኩል ነው፤ ወደ ፒትኬርን በፈረንሣይ ፖሊኔዢያ፣ ወደ ቶከላው በሳሞዋ ይታለፋል። ያንን መተላለፊያ አገር ስትሄዱም ስትመለሱም ትረግጡታላችሁ፤ ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጡ። ልጆቹን ይዞ የሚሄደው አንዱ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላው የስምምነት ደብዳቤ ይያዝ። ኢንሹራንስ ስትገቡ ደግሞ በሽተኛን ከሩቅ ቦታ አውጥቶ ሆስፒታል የማድረስ ወጪን በግልጽ የሚሸፍን ይሁን። ውሉን አንብቡት፤ "ድንገተኛ ሕክምና" የሚለው ቃል ብቻውን ይህን አይጨምርም።

3. በሽታ ይዛችሁ አትሂዱ

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው ስለ ጫማና ስለ ጃኬት ሲጨነቅ ይህን ያልፈዋልና።

ከስኮትላንድ በስተምዕራብ የነበረችው የሴንት ኪልዳ ነዋሪዎች፣ በ1930 እ.ኤ.አ. ደሴቷን ጥለው እስኪወጡ ድረስ፣ መርከብ በመጣ ቁጥር የሚይዛቸውን ጉንፋን "የጀልባ ሳል" ይሉት ነበር። ትሪስታን ዳ ኩኛ ላይም ከመርከብ መምጣት በኋላ ጉንፋን ደሴቱን ሲያዳርስ በሐኪሞች ተጠንቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥቂት ሰው ባለበት ቦታ ቫይረሱ የሚዞርበት አዲስ ሰው ስለሚያጣ ይጠፋል፤ ከዚያ ከውጭ ሲገባ ለብዙ ጊዜ ያላገኘው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይተኛል። በ1846 እ.ኤ.አ. ኩፍኝ በፋሮ ደሴቶች ሲገባ ከ7,800 ያህል ሰው 6,000 ያህሉን ያዘ። ለምርመራ የተላከው ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ፒተር ፓኑም እንዳየው፣ በ1781 ወረርሽኝ ታመው የነበሩ አረጋውያን ከ65 ዓመት በኋላም አልተያዙም። የቅርቡን ለመጥቀስ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በሳሞዋ የተነሣው ኩፍኝ 83 ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ።

ስለዚህ የልጆቹን የክትባት ካርድ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ሁለቱ የኩፍኝ ክትባቶች መኖራቸውን እዩ። ትኩሳት ያለበት ሰው ጀልባ ላይ አይወጣም። ቀላል ጉንፋን ከሆነ ደግሞ ለአስተናጋጆቹ ሳይደበቅ ይነገር፤ መግባት አለመግባታችሁን ይወስኑ።

እኛ ላይ ይኸው ደረሰ። ሐሙስ ማታ የትንሿ ልጃችን አፍንጫ መፍሰስ ጀመረ። ዝም ብሎ መሄድ ይቻል ነበር፤ ማንም አያውቅም። ግን ደወልን። አስተናጋጃችን ነርሷን ጠይቃ መለሰች፦ ትኩሳት ከሌላት ኑ፣ ሁለት ቀን ግን ከቤት አትውጡ፣ አረጋውያን ያሉበት ቤትም አትግቡ። እንደተባልነው አደረግን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ጎረቤቶች ገና ትኩስ የሆነ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ያስቀምጡ፣ መስኮቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጉ፣ ራቅ ብለው ቆመው ለልጆቹ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስንወጣ ሰው ሁሉ የልጄን ስም ያውቃል።

የመድኃኒቱን ነገር ባጭሩ ልናገር። ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከታሰበው ቀን እጥፍ ይያዝ፤ ግማሹ በአንዱ ሻንጣ፣ ግማሹ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የልጆች ፓራሲታሞል መጠን የሚሰላው በክብደት ስለሆነ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ልጅ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ኦ.አር.ኤስ (ተቅማጥ ሲመጣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት) ያዙ። ካለቀ፣ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ እስከ ጠርዙ ብቻ የተሞላ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ትሰጣላችሁ። ልኩን አታዛንፉ፤ ጨው ሲበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው።

4. ጓዙን አቅልሉ፣ ጫማውን እጠቡ

ትንሽ ጀልባና ትንሽ አውሮፕላን ሻንጣን በኪሎ ይቆጥራሉ፤ ገደቡን ጠይቁና ከገደቡ በታች ሁኑ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ለስላሳ ቦርሳ ይበቃል፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ከጀልባ ወደ ጀልባ ሲቀባበሉት ያስቸግራል። ልብስ በፕላስቲክ ተቋጥሮ ይግባ። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ራስ ላይ የሚታሰር መብራት፣ ፓወር ባንክ፣ በትናንሽ ኖት የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ (ኤቲኤም ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ)፣ ለልጆቹ ደግሞ ባትሪ የማይፈልግ መጫወቻ። እኛን ያዳነን አንድ የካርታ ጨዋታና አንድ ኳስ ነው።

ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ለግማሹ ቆይታችሁ የሚሆን ደረቅ ምግብ፤ የሕፃን ወተትና የንጽሕና መጠበቂያ ግን ሙሉውን፣ ከዚያም ትርፍ። ስጦታ ስትመርጡም አትገምቱ፣ ጠይቁ። እኛ ያማረ ነገር ልንገዛ ስንል አስተናጋጃችን የፈለገችው የበር ማጠፊያ፣ የልብስ ስፌት መርፌና ለትምህርት ቤቱ ቀለም ነበር። ባዶ እጅ አለመሄድ ማለት የጎደላቸውን ይዞ መሄድ ነው።

የማይገባ ነገርም አለ። ፒትኬርን ንቦቿ ከበሽታ የጸዱ ስለሆኑ ማር ይዞ መግባት አይቻልም። ዘር፣ አበባ፣ አፈር፣ ትኩስ ፍራፍሬ በብዙ ደሴቶች ክልክል ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ጠይቁ። ጥንቃቄው ያለምክንያት አይደለም። በ1918 እ.ኤ.አ. ማካምቦ የተባለች መርከብ ሎርድ ሃው ላይ መሬት ነክታ ስትቆም ከውስጧ የወጡት አይጦች፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የወፍ ዝርያዎችን አጠፉ። ነዋሪዎቹ አይጦቹን የማጥፋት ትልቁን ዘመቻ የጀመሩት በ2019 ነው፤ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ጫማ አጥቡ ሲባል እንዲህ ነው፦ ጫማውን ጋዜጣ ላይ አስቀምጡ። የሶሉን ቦይ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ፈትጉ፤ የተጣበቀውን ጭቃ በመርፌ አውጡ። ቀጥሎ ከሁሉ የሚረሳውን፣ ተለጣፊ ማሰሪያውን፣ ወደ መብራት አቅርቡ። የልጄ ጃኬት ማሰሪያ ውስጥ አሥራ አራት የሣር ዘር ተሰክቶ አገኘን፤ እያንዳንዱን በወረንጦ ነቀልነው። የካልሲ ጠርዝ፣ የሱሪ እጥፋት፣ የቦርሳ ኪስ ጥግም ይታይ። በመጨረሻ ቦርሳዎቹን ገልብጣችሁ አራግፉ።

5. ባሕሩን መሻገር

ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ማቅለሽለሽ በጣም ያጠቃቸዋል፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ግን ብዙ ጊዜ አይያዙም። መድኃኒቱ የሚወሰደው ጀልባው ከመነሣቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ማስታወክ ከተጀመረ በኋላ ሆድ ውስጥ አይቆይም። ለልጅ የሚስማማውንና መጠኑን ፋርማሲስት ይንገራችሁ፤ ከአዋቂው ክኒን ቆርሶ መስጠት አይሆንም። ጠዋት ትንሽ ደረቅ ነገር ይብሉ፤ ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም አይበጅም። ጀልባው ላይ መሀልና ዝቅ ያለው ቦታ ከሁሉ ያነሰ ይወዛወዛል። ዓይን ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር ላይ ይሁን፤ ስልክና መጽሐፍ ይዘጋ። ልጆቹን ዘፈን አዘፍኗቸው፤ እኛ ከመድኃኒቱ እኩል የረዳን እሱ ነው።

የሕይወት አድን ጃኬት ለልጅ ሲለብስ እንዲህ ፈትሹ፦ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ በእግር መካከል የሚያልፈውንም ጭምር። ከዚያ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ አገጭና ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥ ልጁ ተንሸራቶ ይወጣል። ሌላ ይቀየርላችሁ።

ብዙ ደሴቶች ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌላቸው ሰው ከመርከብ ወደ ትንሽ ጀልባ ይወርዳል። እዚያች ደቂቃ ላይ የቤተሰቡ አዛዥ ቀዛፊው ነው። እጃችሁ ባዶ ይሁን፤ ቦርሳ ለብቻው ይወርዳል። ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ እግር የሚነሣው ከፍ ብላ በቆመችበት ቅጽበት፣ ቀዛፊው "አሁን!" ሲል ነው። ልጅን አቅፋችሁ አትውረዱ። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንደኛው ወላጅ አስቀድሞ ታች ይጠብቃል። አማቴ ሦስት ማዕበል አሳለፉ፤ ማንም አላጣደፋቸውም፤ በአራተኛው እግራቸውን አነሡ፤ ሁለት ሰው ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

6. የመጀመሪያው ምሽት

እንደገባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? መብራቱ በምን ይሠራል? ቆሻሻው የት ይሄዳል?

ብዙ ቦታ ውሃው ከጣሪያ ላይ በአሸንዳ ወርዶ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብ ነው። አስተናጋጃችን የታንከሩን ጎን በጣቷ አንኳኩታ ለልጆቹ አሰማቻቸው፤ ላይኛው ክፍል ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ውሃው ያለበት ጋ ሲደርስ ድምፁ ይደፈናል። ለልጄ ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ያ ድምፅ ገባው፤ በየማለዳው እየሄደ ያንኳኳና ውሃው የት እንደወረደ ይነግረን ነበር። ገላችንን በባልዲና በጣሳ ታጠብን፣ የታጠብንበትን ውሃ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ደፋነው።

መብራቱም እንዲሁ በልክ ነው። የስኮትላንዷ ኤግ ደሴት ነዋሪዎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሳቸው የውሃ፣ የነፋስና የፀሐይ ኃይል ይኖራሉ፤ ለአንድ መኖሪያ ቤት የተፈቀደው በአንድ ጊዜ እስከ 5 ኪሎ ዋት ነው። ይህ ለአንድ ቤት በቂ ነው፤ ነገር ግን የውሃ ማፍያ፣ ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያ በአንድ ላይ ከተሰኩ ይታለፋል። ስለዚህ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ አንድ በአንድ ይሰካ። ስልክ የሚሞላበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ፀሐይ ባለበት ቀትር ላይ መሙላት የሚመረጥበት ቦታ አለ። በሳተላይት የሚመጣው ኢንተርኔትም የሁሉም ነው፤ ልጆቻችሁ ፊልም ሲያወርዱ የነርሷ መልእክት ሊዘገይ ይችላል። የሚታየውን ከመነሣታችሁ በፊት አውርዱ።

7. ከሰው ጋር መዋል

ያገኛችሁትን ሁሉ ሰላም በሉ፤ መኪና ውስጥ ላለም፣ ሩቅ ላለም። ልጆቻችሁ ከማን ቤት እንደሆኑ ይጠየቃሉ፤ የአስተናጋጃችሁን ስም እንዲናገሩ አስተምሯቸው። ያ ስም መታወቂያቸው ነው፤ እናንተ የምታደርጉት ሁሉም በዚያ ስም ይመዘገባል።

ሥራ ላይ ግቡ። ጀልባ ሲመጣ ዕቃ ለማውረድ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ እናንተም ውረዱ። "ምን ልርዳ?" ማለት ብዙ ጊዜ "አይ፣ ተዉት" የሚል መልስ ያመጣል፤ ስለዚህ ሳትጠየቁ ሳጥኑን አንሡ፣ ሰሐኑን እጠቡ፣ ድንቹን ላጡ። አማቴ ከመጡ በአራተኛው ቀን ከአረጋውያኑ ጋር ተቀምጠው የበግ ሱፍ ያፍታቱ ነበር። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ የሚያግባባቸው እጃቸው ነው።

በሦስቱ የቶከላው ደሴቶች፣ በአታፉ፣ በኑኩኖኑና በፋካኦፎ፣ "ኢናቲ" የሚባል የክፍፍል ሥርዓት አለ። በጋራ የተያዘው ዓሣ አንድ ቦታ ይቀመጥና ለእያንዳንዱ ቤት ይከፋፈላል፤ ሽማግሌውም፣ ዓሣ ማጥመድ የማይችለውም ድርሻ አለው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከመደቡ ላይ "ይህን ዓሣ ልግዛ" ማለት ነውር ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የሚሸጥ መሆኑን አስተናጋጃችሁን ጠይቁ።

የቀን አቆጣጠርና የዕረፍት ቀንም ይጠየቅ። በስኮትላንድ፣ በሼትላንድ ደሴቶች ያለችው ፉላ እስከ ዛሬ ድረስ የገናን በዓል ጃንዋሪ 6፣ አዲስ ዓመትን ጃንዋሪ 13 ታከብራለች፤ የድሮውን የጁልያን አቆጣጠር ሳትለቅ። እንግዳ ሆኖ የሰውን በዓል አለማወቅ ያሳፍራል፤ በተከበረ ቀን ልብስ ማስጣትና ዋና መግባትም በአንዳንድ ቦታ ቅር ያሰኛል።

ፎቶ ስታነሡ ፈቃድ ጠይቁ፤ የሰውን ልጅ ፎቶ ደግሞ ወላጁ ሳይፈቅድ የትም አትለጥፉ። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ቦታ ፊቱ ያልታወቀ ሰው የለም።

8. ልጆችና ውሃ

የደሴት ልጆች ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ናቸው። የእናንተ ልጆች እነሱን አይተው ይከተላሉ፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ጥሩው ጥያቄ "እዚህ መዋኘት ይቻላል?" ሳይሆን "የእናንተ አራት ዓመት ልጅ የት ነው የሚዋኘው?" የሚለው ነው። መልሱ ትክክለኛዋን የባሕር ጥግ ያሳያችኋል፤ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ነፋስ እንደሆነም ይጨምራል።

ትንንሾቹ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከምትይዙት ርቀት አይውጡ። ከባሕሩ ዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ወራጅ ከያዛችሁ ወደ ዳር ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ያደክማችኋል። ተንሳፈፉ፣ ከዚያ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ፤ ወራጁ ጠባብ ስለሆነ ትወጣላችሁ። ኮራል የቧጨረው ቁስል ትንሽ ቢመስልም ወዲያው በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ፤ በቀላሉ ያመረቅዛል።

9. ጀልባው ሲቀር

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቦርሳችን በር ላይ ተደርድሮ ሳለ አስተናጋጃችን ወደ ባሕሩ አይታ "ዛሬ የለም" አለች። በማግሥቱም የለም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የቀራችሁን ምግብና መድኃኒት ቁጠሩና ለአስተናጋጁ በግልጽ ንገሩ፤ "ለሦስት ቀን የሚሆን አለን፤ የልጅ ወተት ግን ሊያልቅ ነው" ማለት ከይሉኝታ ይሻላል፤ እነሱም ማቀድ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ለተጨማሪው ቀን መክፈል ወይም የሆነ ሥራ መያዝ እንደምትፈልጉ ራሳችሁ አንሡት። ሦስተኛ፣ "መቼ ይመጣል?" እያላችሁ አትወትውቱ። ማንም አያውቅም፤ ጥያቄው ደግሞ ከእነሱ ጋር መሆን እንደሰለቻችሁ ያስመስላል። ለልጆቹ "ምናልባት ነገ" ሳይሆን "ባሕሩ ሲረጋ" በሏቸው፤ ልጄ ከዚያ በኋላ እኛን ትቶ ባሕሩን መጠየቅ ጀመረ።

ከአየሩ የተነሣ ጥሪው ሲመጣ ድንገት ነው፤ "በአንድ ሰዓት ውስጥ" ሊባል ይችላል። ቦርሳው ሌሊቱን ሁሉ የተዘጋ ይሁን።

10. ስትወጡ

ያመጣችሁትን ፕላስቲክ፣ ባትሪና ጣሳ መልሳችሁ ውሰዱ፤ ደሴት ላይ ቆሻሻ የሚጣልበት ሌላ ቦታ የለም። የተረፈውን መድኃኒት ስሙና ጊዜው የተጻፈበት ማሸጊያ ውስጥ ከሆነ ለነርሷ አሳይታችሁ ትፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። አንሶላውን እጠቡ፤ ውሃ ካጠረ ግን ሳታጥቡ አጥፋችሁ አስቀምጡ፣ ይህንንም ጠይቁ። አስተናጋጁ ገንዘብ አልቀበልም ካለ፣ በጋራ ለሚጠቀሙበት ነገር ስጡ፤ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለክሊኒኩ።

ቃል የገባችሁትን ጻፉት። እዚያ ሆነን ለአሥራ ስድስት ሰው "ፎቶውን እንልካለን" ብለን ነበር፤ ባለቤቴ ስማቸውን በማስታወሻ ደብተር መዝግባ ያዘች። እንደተመለስን በወረቀት አሳትመን፣ እያንዳንዱን በስሙ ፖስታ ውስጥ ከትተን፣ ሁሉንም ውሃ በማያስገባ ከረጢት አሽገን ለጀልባው ሰጠን። ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። አስተናጋጃችን ስትደውል መጀመሪያ ያለችው "አሥራ ስድስቱም ደርሷል" ነው፤ ቀጥላ የልጄ ጥያቄ ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበርና፣ ስልኩን ታንከሩ ጋ ይዛ ሄዳ አንኳኳችለት።